የመጨረሻው ሰማያዊ በርሜል

ቡሎን ያሉት በክፋት አይደለም። ቀጭን ነው፣ ጠንካራ ነው፣ አንዴ የገባበትን ነገር ደግሞ በምንም ጉልበት አይለቅም። በቀለም ፋብሪካው የእርጥብ ወፍጮ ክፍል መካኒክ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም ከታናሽ እህቱ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ እሷም ብትሆን «ጋሼ» ትለዋለች እንጂ በስሙ አትጠራውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ፣ «ቀለማችን ግድግዳ ላይ አሸዋ አሸዋ እያለ ደንበኛ ሸሸን» አላቸው። «ቅንጣቱን ከአሥር ማይክሮን በታች ካወረዳችሁልኝ ክፍሉ ይቀጥላል። ካልሆነ ማሽኑ ለቁርጥራጭ ብረት ይሄዳል፣ የተፈጨውን ከሌላ ቦታ እናስመጣለን፣ እናንተም መንገዳችሁን ትፈልጋላችሁ።» አሥራ ሁለት ሰው ነው እንግዲህ! ቀኑ ዛሬ፣ ሰዓቱ ስድስት። መጋዘን ውስጥ የቀረው ሰማያዊ ዱቄት ለአንድ በርሜል ብቻ ይበቃል። ሁለተኛ ሙከራ የሚባል ነገር የለም።

ቡሎን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ወፍጮው በጎኑ የተኛ ትልቅ የብረት ገንዳ ነው፤ ሆዱ በኳሶች ይሞላል፣ መሃሉ ላይ ዘንግ ይሽከረከራል፣ በውሃ የተበጠበጠው ዱቄት በኳሶቹ መካከል ሲመላለስ ይደቃል። ድሮ አተር አተር የሚያካክሉ የብረት ኳሶች ነበሩበት። ቡሎን እነሱን አውጥቶ የሰናፍጭ ፍሬ የሚመስሉ ጥቃቅን የሸክላ ኳሶች ከተተበት። ኳሶቹ ከቀለሙ ጋር እንዳያመልጡ መውጫው ላይ አዲስ ወንፊት በእጁ ሠራ፤ ሦስት ጊዜ ተቀደደበት፣ አራተኛው ያዘ። ሳምንቱን ሙሉ ቤቱ የገባው ልብስ ለመቀየር ብቻ ነው።

እህቱ ከግድግዳው ማዶ ቤተ ሙከራ ውስጥ ናት። በየግማሽ ሰዓቱ ናሙና ትወስዳለች፤ ቦይ ባለው የብረት መለኪያ ላይ ጠብታ ታሳርፍና በስለት ትጠርገዋለች፣ ቅንጣቶቹ ብቅ ያሉበት ቦታ ላይ ቁጥሩን ታነባለች። ያነበበችውን ግን ማሽኑ እስኪቆም ለማንም አትናገርም። ይህን ሕግ ያወጣው ማን መሰላችሁ? ራሱ ቡሎን! ድሮ ሥራው መሃል ላይ ቁጥሩ በተሰማ ጊዜ ሁሉ አንዱ ውሃ ሲጨምር ሌላው ፍጥነት ሲቀንስ ስንቱ በርሜል ገደል ገብቷል። ነደደውና «ቁጥር፦ ከቆመ በኋላ» ብሎ ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፈው። ከዚያ ወዲህ የደፈረው የለም።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወፍጮውን አስነሳ። ቀለሙ በወንፊቱ በኩል እንደ ወተት እየፈሰሰ፣ በፓምፕ እየተመለሰ ሲዞር፣ ቡሎን ከንፈሩን እየነከሰ የኃይል መለኪያውን መርፌ ያያል። አራት ሰዓት አለፍ ሲል መርፌው ከፍ፣ ከፍ ማለት ጀመረ።

«እየበላ ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ልቡ ሞቀ።

በዚያ ክፍል «ማሽን ከከበደው እየበላ ነው» ይባላል፤ በደንብ እየፈጨ ነው ለማለት። ካስተማሩት ሽማግሌ የወረሰው ነው፤ በትልልቆቹ ኳሶች ዘመንም ነገሩ እውነት ነበር። ስለዚህ ምን አደረገ? ፍጥነቱን ጨመረ።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እህቱ በሩ ላይ ብቅ አለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ጋሼ፣ ትንሽ ብታርፍስ?»

«እኔ?»

«አንተም… ማሽኑም።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

ግድግዳው ላይ ያለውን ጽሕፈት ቀና ብላ አየችው። «ምንም። የደከመህ መስሎኝ ነው።»

«እዚህ የአሥራ ሁለት ሰው እንጀራ ተይዟል፣ አንቺ ስለ ዕረፍት ታወሪልኛለሽ! ሂጂ ወደ ሥራሽ!»

ሄደች። አምስት ሰዓት ላይ የገንዳው ጎን እጅ አላስነካ አለ። ድንቡሼ፣ ጆንያ ተሸካሚዋ፣ ሳትቀልድ የማትውለዋ፣ መዳፏን አሳርፋ ቶሎ አነሳችው።

«ቡሎኔ፣ ይሄ ነገር ሻይ ሊያፈላልን ነው እንዴ?»

ማንም አልሳቀም። «ውሃ! ቀዝቃዛ ውሃ አምጡ!» አለ ቡሎን። አሥሩም ሠራተኞች ከቧንቧው እስከ ማሽኑ ተደርድረው ባልዲ መቀባበል ያዙ። ድንቡሼ ከፊት ሆና በገንዳው ጎን ላይ ትደፋዋለች፣ እንፋሎቱ ፊቷን ይገርፋታል፣ ባዶውን ታቀብልና ሌላ ትቀበላለች። እንደ ወተት ይወርድ የነበረው ቀለም አሁን እንደ እርጎ እየተቆራረጠ ይንጠባጠባል። ቡሎን ወንፊቱ የተደፈነ መስሎት በመዶሻ እጀታ መታ መታ አደረገው። የፈጣሪ ያለህ! አንድ ሰዓት ብቻ ቀረው። ላቡ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ያቃጥለዋል፣ «ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ ብቻ ድቀቅልኝ» እያለ ለብረት ይለማመጣል።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ እህቱ እንደገና መጣች። የታጠፈ ወረቀት ይዛለች። ዞር ብሎ እንኳ አላያትም።

«ቁጥር ይዘሽ ከሆነ የመጣሽው፣ እህቴ አይደለሽም!»

ወረቀቱን ጨብጣ ተመለሰች።

ስድስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደረሰ። ማሽኑ ቆመ። ሠራተኞቹ እዚያው ሲቀሩ ሦስቱ ቤተ ሙከራ ገቡ። እህቱ ጠብታውን አሳረፈች፣ ስለቱን ሳበች። ሦስቱም አጎነበሱ።

«ሃያ ሁለት» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደለም። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው። «በቃ እንግዲህ» አለ።

«ይጠብቁኝ!» እህቱ ከመደርደሪያው ላይ ትንሽ ብልቃጥ አነሳች። «ይሄ ከዚሁ በርሜል የአራት ሰዓቱ ናሙና ነው። ይለኩት!»

ለካው። ስምንት ነበር። ደግሞ ለካው። ስምንት።

ቡሎን ጠረጴዛውን ያዘ። ሥራ አስኪያጁ ብልቃጡን በብርሃን አየት አደረገና መልሶ አስቀመጠው። «በብልቃጥ ቀለም ቤት አይቀባም፣ የኔ ልጅ። ሌላ ዱቄት የለም፣ ቀጠሮውም አልፏል።» ማሽኑን ለሚወስደው ጭነት መኪና ሊደውል ወጣ።

ወንድምና እህት ብቻቸውን ቀሩ።

«ስምንት ደርሶ ነበር?»

«ከዚያ በኋላ ነው ወደ ኋላ የሄደው። አሥራ አንድ፣ አሥራ አምስት፣ ሃያ… ከልክ በላይ ሲደቅ መልሶ እርስ በርሱ ይያያዛል፣ ጋሼ። ጓጎለ።»

ያኔ ገባው። መርፌው ሲወጣ የነበረው ማሽኑ እየበላ ስለነበር አይደለም፤ ቀለሙ እየወፈረ አንቆት ነው። እሱም ያንን እያየ ፍጥነት ጨመረበት።

«አሁን ትነግሪኛለሽ?» አለ ጥርሱን ነክሶ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ሁለት ጊዜ መጣሁ።» እንባዋ ወረደ። «እሺ፣ ብነግርህስ? እውነቱን ንገረኝ ጋሼ፣ ስምንት ገባ ብልህ ታቆም ነበር?»

በሁለት ሰዓት ውስጥ ስምንት ከመጣ በሦስት ሰዓት ውስጥ ስድስት ይመጣል ይል እንደነበር ያውቃል። እሷንም እየተቆጣ ያባርራት ነበር።

«አላቆምም ነበር» አለ።

ወደ ማሽኑ ሲመለስ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ሲያወራ የሰሙት ሠራተኞች ነገሩ ገብቷቸዋል። ማንም አልጮኸበትም። ድንቡሼ እጅጌዋ እስከ ክርኗ በውሃ ርሶ፣ መዳፏ በትኩሱ ብረት ቀልቶ፣ መጥታ ትከሻውን ያዘችው።

«አይዞህ ወንድሜ፣ አንተ ምን አጠፋህ? ያላደረግከው የለም። አሮጌ ማሽን ነው፤ ለሽማግሌ ጥርስ ቢተክሉለት አጥንት ይቆረጥማል እንዴ?»

«እውነቷን ነው» አሉ ሌሎቹ። «ማሽኑ ነው።»

ራሱን በአዎንታ መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። ሊነቀንቅም ፈልጎ ነበር፣ ለምን ይዋሻል። እህቱ ከኋላው መሬት መሬት ታያለች።

«ማሽኑ ችሎ ነበር» አለ።

«ምን አልክ?»

«አራት ሰዓት ላይ ስምንት አድርሶታል። እዚያው ላይ ባቆመው አልፈን ነበር። ከዚያ በኋላ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ድንቡሼ መጀመሪያ አልገባትም። ቀጥሎ ባልዲዎቹን አየች፣ መሬቱ ላይ የተኛውን ውሃ አየች።

«ያንን ሁሉ ባልዲ ስናቀብልህ» አለች ቀስ ብላ፣ «ያኔ ሥራው አልቆ ነበር?»

«አልቆ ነበር።»

ድንቡሼ እጇን ከትከሻው ላይ አነሳች።