«የእማዬ መቀስ» የተባለው ሰይፍ

ልብስ ሰፊዋ በስተርጅና ጌም ጀመረች ሲባል ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም። እሷም አብራ ስቃለች። ሳቅ ግን ቀኝ እጇን አያድንላትም። ስትሮክ ከመታት ወዲህ ጣቶቿ መርፌ መያዝ ይቅርና የገዛ ሸሚዟን ቁልፍ መቆለፍ ተስኗቸዋል። ኮምፒውተር ጠጋኙ ልጇ «እማዬ፣ ማውስ መጫን ጣት ያፍታታል» ብሎ ሲያስቀምጣት፣ ምን አማራጭ አላት፣ ተቀመጠች።

ጌሙ ማለቂያ የሌለው፣ ሰማዩም ዛፉም ከጡብ ከጡብ የተሠራ የሚመስል ዓለም ነው። የፈለገ ቤት ይሠራል፣ የፈለገ ይቆፍራል። እሷ የወደደችው በጎቹን ነው። ቀለም ሲቀቧቸው ፀጉራቸው ይይዛል፤ ስለዚህ ሐምራዊ በግ፣ ብርቱካናማ በግ፣ «ይሄማ ለገበር ይሆነኛል» የምትለው ግራጫ በግ አረባች። ችግሩ በጌሙ ውስጥ ሲጨልም ነው። ያኔ ጭራቆች ይወጣሉ፣ አነጣጥሮ ቶሎ መምታት ይጠይቃል። እጇ እየተንቀጠቀጠ ትስታቸዋለች፤ እነሱ ግን አይስቱም። በጨለመ ቁጥር ትሞታለች፣ እየተራገመች ትነሳለች።

አንድ ቀን ልጇ ሰይፍ ሰጣት። ኪቦርዱ ላይ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ፣ ሰይፉም ስክሪኑ ላይ ዱብ አለ፤ በወርቃማ ቀለም «የእማዬ መቀስ» የሚል ስም ተጽፎበታል። «ትእዛዙን ካወቅሽበት የማንኛውንም ዕቃ ስምና መልክ እንዳሻሽ መቀየር ይቻላል» አላት። በስሙ ተፍለቅልቃ ግንባሩን ሳመችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ጭራቆቹ እንደ ደረቅ ቅጠል ይረግፉ ጀመር።

«እጄ ተመለሰ!» አለች። ለጎረቤት አለች፣ ለዳቦ ሻጩ አለች፣ ለሰማም ላልሰማም አለች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ ልጇን ግን እያደር ሳይከብደው አልቀረም፣ እናቱ መፎከር ስትጀምር ክፍሉን ጥሎ ይወጣ ነበር። እሷ የዋህ ናት፣ ትሕትና ነው አለች። እጇን ያየው ሐኪም ልጇን በር ላይ አቁሞ ሲያዋራውም ምን እንዳለው አልጠየቀችም።

ጎረቤቷ መምህርት ጨርቅ ታቅፋ የመጣችው በዚህ መሐል ነው። ከሟች እናቷ የቀረላት ወፍራም ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ ለአንድ ካፖርት ልክክ ይላል እንጂ ትርፍ የሚባል የለውም።

«ካንቺ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም» አለች መምህርቷ። «ግን እጅሽ እንዴት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ ካልሆነ ሣጥን ውስጥ ይቀመጥ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጇ ዞረች። «በል አንተ ተናገር። በየቀኑ የምታየኝ አንተ ነህ። ልቁረጠው?»

ልጁ ሽቦ ይጠቀልል ነበር። ቀና ብሎ አላያትም። «እጅሽ እኮ ድኗል፣ እማዬ» አላት።

መምህርቷ እንደወጣች ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች፣ በጠመኔ አሰመረች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ትልቁን መቀስ አነሳች። የጎኑ ቁርጥ ደህና ሄደላት፤ እንዲያውም ማንጎራጎር ጀምራ ነበር። ብብቱ ጋ ስትደርስ አውራ ጣቷ ከዳት። መቀሱ መስመሩን ጥሶ ደረቱን ሰንጥቆት አለፈ። በምንም ስፌት የሚደበቅ አይደለም።

ቆማ አየችው። ትናንት ሦስት ጭራቅ በተራ ያጋደመው ይሄው እጅ አይደለም እንዴ?

ኮምፒውተሩን ከፍታ በጌሙ ውስጥ እስኪመሽ ጠበቀች። ማውሱን ወደ ግራ እጇ አዞረችው፤ በግራዋ ማንኪያ እንኳ በወጉ ይዛ አታውቅም። እንደ ነገሩ ጠቅ አደረገች፣ ጭራቁ ወደቀ። ሌላው መጣ፣ እሱም በአንድ ምት ወደቀ። ቀጥሎ ሁለት እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ተቀመጠች። ጭራቆቹ ከበው ቀጠቀጧት። ስትመታ የሚጎድሉት፣ ሲያልቁም የምትሞትባቸው ከስክሪኑ ግርጌ ያሉ ቀያይ ልቦች አንድም ሳይጎድሉ ቀሩ።

ልጇን ጠራችው። ሲገባ መጀመሪያ ያየው ጨርቁን ነው፤ ከዚያ ስክሪኑን አየ። መጠየቅ አላስፈለጋትም።

«ጉልበቱን ጨመርኩበት» አለ። «በዚያው ትእዛዝ። ባታነጣጥሪም እንዲያገኛቸው፣ አንድ ምት እንዲበቃው... አንቺም እንዳትሞቺ።»

«ትእዛዙ ስምና መልክ ነው የሚቀይረው አላልከኝም?»

«ሌላውን እንዳይታይሽ አድርጌ ደበቅኩት። ደስ ሲልሽ ሳይ እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ሐኪሙስ? በር ላይ አቁሞ ያዋራህ ቀን ምን አለህ?»

ልጁ ወለሉን አየ። «ከዚህ በላይ አይመለስም አለኝ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ማለት ይሄ ነው። ከሁሉ ያንገበገባት ሰይፉ አልነበረም፤ ጌም ነው፣ ይረሳል። ያንገበገባት በገዛ እጇ ጉዳይ እንደ ሕፃን መደለሏ ነው። በየበሩ ስትፎክር እያወቀ አለማስቆሙ፣ መቀሱን ሳታነሳ ፊት ለፊት ጠይቃው ዓይኗ እያየ መዋሸቱ ነው። ካሳደገችው ልጅ ይህን አልጠበቀችም።

«ተቀመጥ» አለችው። ተቀመጠ። «በል ጻፍ። እጇ ዳነ ብለህ ጻፍ።»

«እማዬ፣ በፈጠረሽ...»

«ያን ሁሉ ጽፈህ የለም? ጻፍ እንጂ!» ቀኝ እጇን በግራዋ አንስታ ኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጠችለት።

ልጁ ጣቶቹን ቁልፎቹ ላይ እንዳደረገ ማልቀስ ጀመረ። ሌላ ጊዜ ቢሆን አቅፋ ታባብለው ነበር። አሁን አልቻለችም፣ አልፈለገችምም።

«ለዚህ የሚሆን ትእዛዝ የለም» አለ በመጨረሻ።

«ልቁረጠው ስልህ ይቺን ብትለኝ ኖሮ» አለችው፣ «የሰው ጨርቅ ሙሉ ነበር።»

ቁርጥራጩን በግራ እጇ ሰብስባ፣ ልከተልሽ ሲላት «ተወኝ» ብላ፣ ወደ መምህርቷ በር ብቻዋን ሄደች።