ስልሳ አራት ይበቃኛል

ደብረ ማርቆስ ላይ እንደ አይናዲስ የሚተይብ ሰው አልተፈጠረም። ጣቶቿ ሲሮጡ የደምበጫ ፈረስ ያፍራል። የኪቦርዷ ድምፅ ሉማሜ ድረስ ይሰማል የሚሉም አሉ፤ ቢቀነስ ቢቀነስ ገበያው ጥግ ድረስማ ይሰማ ነበር። በ1998 ዓ.ም. የዲማው የኔታ ወልደ ሩፋኤል ዐሥራ ሁለት ዓመት የደከሙበትን የትርጓሜ መጽሐፍ ይዘው እሷ ዘንድ የመጡት ለዚሁ ነው። አራት መቶ ገጽ ነው። ቅዳሜ ማተሚያ ቤት ካልደረሰ ተራቸው ያልፋል፤ ሰማንያን የተሻገረ ሰው ደግሞ ሌላ ተራ የሚጠብቅበት ዕድሜ የለውም።

ረቡዕ ጠዋት፣ ሁለት መቶኛው ገጽ ላይ፣ ኮምፒውተሩ ስታክ አደረገ፤ ደርቆ ቆመ። አጥፍታ አበራችው። ተከፈተ፤ ግን አንድ ፊደል መትታ እስኪወጣ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደገማል።

ድረስ የሚባለው ጎረቤቷ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ፣ መጥቶ አጎንብሶ አየው።

«ሚሞሪው ስልሳ አራት ሜጋባይት ነው እኮ፣ እቴ። በዚህ ዘመን በስልሳ አራት ምን ይሠራል? አምስት መቶ ዐሥራ ሁለት ያለው ማሽን እኔ ዘንድ አለ። ወይ ግዢው፣ ወይ ሥራውን ስጪኝ።»

«አምና መቶ ሃያ ስምንት ይበቃሻል ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

«አምና አምና ነው።»

«ለከርሞ ሺህ ልትለኝ ነው። ይኼ ሆድ እንጂ ማሽን አልመሰለኝም።»

የኔታ ከአግዳሚው ላይ ሆነው «ልጄ፣ ምን አቃተው?» አሉ።

«ሁለት መቶውን ገጽ ባንድ ፋይል ይዞ ከበደው፣ የኔታ።»

«ለምን ባንድ ይይዛል? እኔ ብራና ስጽፍ ጉልበቴ ላይ የሚቀመጠው አንድ ጥራዝ፣ ጥቂት ቅጠል ብቻ ነው። ያለቀው ሳጥን ይገባል። ሁሉን ከምሬ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ በእግሬ ባልመጣሁ።»

ድረስ ሳቀ። «ይኼ እኮ ብራና አይደለም፣ የኔታ።»

አይናዲስ አልሳቀችም። እየተንፏቀቀም ቢሆን መጽሐፉን በየምዕራፉ ቆረጠችና እያንዳንዱን ለብቻው ፋይል አደረገችው። ከዚያ ድረስ ራሱ ለጌጥ ብሎ የጫነላትን፣ ዓሣ የሚዋኝበትን፣ ሰዓት የሚያንቋቋውን፣ ከሥር ተደብቆ ሚሞሪ የሚበላውን ፕሮግራም ሁሉ አንድ ባንድ አጠፋች። ማሽኑ የያዘው የምትጽፈውን ምዕራፍ ብቻ ሆነ። በረረ። እሷም በረረች፤ ዐርብ ከሰዓት አራት መቶኛው ገጽ ተዘጋ።

ቅዳሜ የኔታን መኪና አሳፍራ ስትመለስ ድረስ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት።

«ለዛሬ ወጥቶልሻል። ዓመት ሳይሞላ ግን ስልሳ አራት የሚባል ነገር ይረሳል።»

«ሥራዬ ሲጠበው ራሴ መጥቼ ካንተ እገዛለሁ። አንተ ጠበበ ስላልከኝ ግን አልገዛም።»

ገብታ ትልቅ ወረቀት አተመችና በእሱ ሱቅ ትይዩ ባለው መስኮት ላይ ለጠፈችው፦ «እዚህ በስልሳ አራት ይጻፋል።»

ሰኞ ማመልከቻ ሊያስጽፉ የመጡ አንድ ቄስ ወረቀቱን አንብበው «ስልሳ አራት ምንድን ነው?» አሏት።

«የሚበቃ» አለች፣ ወንበር እየሳበችላቸው።