በክብሪት ቀፎ የሚመጣ አባት

ቡሬ ከተማ፣ እናኑ በምታስተምርበት የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ አገር ነበረች። እናኑ የተሰበረ ዴስክ ገልብጣ፣ አፈርና አሸዋ ሞልታ ነው የጀመረቻት። ልጆቹ ከበቆሎ ቆረቆንዳ ጎጆ ቀለሱባት፣ ከጭቃ በሬ አበጁላት፣ በቆርኪ ገበያ ዘረጉባት። ሰዎቿ ጨርቅ የተጠቀለለባቸው እንጨቶች ነበሩ። ርእሰ መምህሩ አቶ ገነነ በበሩ ባለፉ ቁጥር፣ «ወላጅ ልጁን የሚልከው ፊደል እንዲቆጥር ነው ወይስ ጭቃ እንዲያቦካ?» ይላሉ። እናኑ ፈገግ ብላ ታሳልፋቸዋለች። ልጅ በአፉ ማውጣት ያቃተውን በጨዋታ እንደሚናገር ፍኖተ ሰላም ኮሌጅ ሳለች ተምራለች፤ በዓይኗም አይታለች።

ይህቺን ትንሽ አገር ከሁሉ አብልጣ የምትወዳት ያምሮት የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ታከለ በክረምት ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዶ፣ ወባ ይዞት ሞተ፤ እዚያው ተቀበረ። መርዶው ኅዳር ላይ ሲመጣ ልጅቷን ወደ አያቷ ቤት አሸሿት። ለቅሶው ሲያልፍ እናቷ ባንቺአየሁ ጥቁር ለብሳ ትምህርት ቤት ይዛት መጣችና እናኑን ወደ አጥሩ ጥግ ጠራቻት።

«ጥቁሩን ለአክስቴ ነው ብያታለሁ። አባቷን ከጠየቀችሽ ቆላ ነው በያት።»

«እስከ መቼ ነው ባንቺዬ?»

«ልቧ እስኪጠና። እኔም ገና አልቻልኩት፣ እንኳን እሷ። አደራሽን።»

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ነውና እናኑ ራሷን ነቅንቃ ተቀበለች።

ያምሮት ከዚያ ወዲህ ጨዋታዋ አንድ ብቻ ሆነ። ቀይ ጨርቅ የተጠቀለለበትን እንጨት በክብሪት ቀፎ ትጭንና ከአሸዋው ማዶ፣ መተማ ካለችው ጥግ፣ መኪናውን ታስነሳለች። የባሕር ዛፍ ቅጠል የተተከለበት ደን ሲደርስ ግን መልሳ ታዞረዋለች። «ዛሬ ሰው አልሞላም» ትላለች። ምሳዋን ሳትነካ ነበር የምትመልሰው።

አንድ ቀን እንጨቱን አንሥታ ለእናኑ ሰጠቻት። «ቲቸር፣ አንቺ አባዬ ሁኚ።»

እናኑ እንጨቱን ተቀበለቻት። ከዚያ ድምጿን ወፈር አድርጋ፣ «ደህና ነሽ ወይ ያምሮት?» አለች።

«አባዬ እንዲህ አይልም። የኔ ጌታ ነው የሚለኝ።»

«ደህና ነሽ ወይ የኔ ጌታ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። «መቼ ነው የምትመጣው?»

ቆላ ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ ብላ ማለፍ ትችል ነበር። የተሰጣት አደራ እስከዚያ ብቻ ነው። ግን ያቺ የተጨፈነች ዓይን አንጀቷን በላቻት። «ለጥምቀት እመጣለሁ» አለች።

«ምን ይዘህልኝ?»

«ቀሚስ።»

«ቢጫ?»

«ቢጫ።»

በዚያ ቀን የክብሪት ቀፎው ደኑን አልፎ ጎጆው ደጃፍ ደረሰ። ያምሮትም ምሳዋን ጥርግ አድርጋ በላች። እናኑ ደግ የሠራች መሰላት፤ በማግስቱም አባት ሆነች፣ በሳልስቱም። ስለ በሬው ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች፣ ታባብላለች። እውነቱን ለመናገር፣ ልጅቷ እንዲያ ስትስቅ ማየት ለራሷም ይጣፍጣት ጀመር። ለባንቺአየሁ ግን ምንም አልነገረቻትም።

ጥምቀት ደረሰ። ታቦታቱ ከባሕረ ጥምቀት ሲመለሱ፣ በሆታውና በጭፈራው መካከል ያምሮት ከእናቷ እጅ አምልጣ ጠፋች። ባንቺአየሁ ነጠላዋ ወድቆ፣ «ልጄን ያያችሁ!» እያለች ሕዝቡን ስትሰነጥቅ እናኑ አገኘቻት፤ አብረው ሮጡ። መናኸሪያው በር ላይ አይቻታለሁ ያለ ሰው ተገኘ።

ያምሮት አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ከባሕር ዳር ከገባው ባስ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ታያለች።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች እናቷ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«አባዬን እየጠበቅኩት። ለጥምቀት እመጣለሁ ብሎኛል።»

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ?»

ልጅቷ በጣቷ ወደ እናኑ አመለከተች።

ባንቺአየሁ ዞረች። «እኔ ዝም በይልኝ አልኩሽ እንጂ በሱ አፍ ተናገሪልኝ አልኩሽ?»

«አሳዘነችኝ ባንቺዬ…»

«አዘንሽላት? በይ አሁን አምጪላታ!»

መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ትከሻ ተደግፎ ነው የሚሰማ። ለያምሮት ግን ረዳቶች «ደምበጫ! ፍኖተ ሰላም!» እያሉ በሚጮኹበት፣ ኮሮጆ በሚጫንበት መሐል ሆነ። እናቷ አቧራው ላይ ተንበርክካ፣ «አባትሽ አይመጣም የኔ ልጅ፤ ሞቷል። ጥቁሩን የለበስኩትም ለሱ ነው» አለቻት።

ያምሮት አላለቀሰችም። ቀና ብላ እናኑን አየቻት። «ቆላም አልነበረም?» አለች።



ልጅቷ ወደ ትምህርት ቤት እስክትመለስ እናኑ አሸዋውን አድሳ፣ ጭቃውን አርጥባ ጠበቀቻት። ያምሮት ገብታ ወደዚያ ጥግ ሳታይ አለፈችና ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌሎቹ ጨዋታ ሲጀምሩ አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር አባት ትሁን!» አለ።

«እሷ አትሁን» አለች ያምሮት፣ ሳትዞር። «ትዋሻለች።»

ልጆቹ እንጨቱን መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ እናኑ ስትጠጋ ድምፃቸውን ይቀንሳሉ፤ ምንም ሁኚ የሚላት ጠፋ።

አንድ ጠዋት አቶ ገነነ በሩ ላይ ቆሙ። ያምሮት እጇን ወደ ኋላ አጣምራ፣ ሰሌዳው ላይ ያለውን ፊደል ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብላ ትቆጥራለች። ርእሰ መምህሩ ፊታቸው በራ።

«አየሽ እናኑ! ጭቃውን ስትተው ጊዜ ተማሪ ሆነች። አላልኩሽም?»

«ብለውኛል ጋሼ» አለች እናኑ።