ምን ይቆይ?

በእኛ መንገድ ሞተ ተብሎ የተለቀሰለት ኮምፒውተር እንኳ እኔ እጅ ሲገባ ብድግ ይላል። ለጉራ አይደለም፤ ከደረጃው ሥር ካለችው ሱቄ ፊት ለፊት ቁልፍ የሚቀርጸውን ጎረቤቴን ጠይቁት። እሱ ግን "ይሄ ሰውዬ ዝሆን ገደልኩ ካለ አንዲት ትንኝ ታማለች ማለት ነው" ይላችኋል። ቅናት ነው።

አንድ ቀን ጠዋት የቀድሞ ባለቤቴ አሮጌውን ላፕቶፕ እንደ ሕፃን አቅፋ ገባች። ከተለያየን ዓመት አልፎናል። ላፕቶፑን አብረን ነው የገዛነው፤ ማጠፊያው ላይ ያለው ስንጥቅ የእኔ ክርን ሥራ ነው።

"በርቀት ትምህርት ልጀምር ነው፤" አለች ገና ሳትቀመጥ። "ፕሮግራማቸው በዚህ ሲስተም አልከፈት አለኝ። ሌሎቹ ጋ ብወስደው 'ይሄማ አርጅቷል፣ አዲስ ግዢ' አሉኝ።"

"እነሱ ደግሞ ምን ያውቃሉ። እኔ አዲሱን ሲስተም ከጫንኩበት የሠራው ፋብሪካ ራሱ አይለየውም። ያውም በነፃ። ሲስተሙም በነፃ ነው የሚወርደው፣ እጄም በነፃ።"

"አንተ በነፃ ስትል ነው የምፈራው።"

"ቁጭ በይ እስቲ፤ ቆመሽ የሚያልቅ ሥራ አይደለም።"

"ቁጭ ካልኩማ ወሬህ ያስመሸኛል" አለችና ተቀመጠች።

ጀርባውን ፈታሁት። የአቧራው ነገር አይወራ፤ ባቄላ ይዘራበታል። ሚሞሪው ለአዲሱ ሲስተም ስለሚያንስ ከራሴ ማሽን ነቅዬ ጨመርኩለት። ይህን አልነገርኳትም፤ እኔ ሳልናገር የሠራሁት ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ከዚያ አዲሱ ሲስተም ያለበትን ፍላሽ ሰክቼ መጫን ጀመርኩ። ጥቂት ካሰበ በኋላ ማሽኑ ሁሌም የሚጠይቀውን ጠየቀ፦ ሁሉም ነገር ይቆይ፣ ፋይሎቹ ብቻ ይቆዩ፣ ወይስ ምንም አይቆይ?

ምልክቱ ያረፈው "ሁሉም ይቆይ" ላይ ነበር። ዝም ብዬ "ቀጥል" ብለው ማን ይጠይቀኛል? እኔ ግን ደንበኛ ሳላስፈቅድ ጣቴን የማላነሳ ሰው ነኝ፤ በዚህ ሙያ እንደኔ ያለ ገና አልተወለደም። ደግሞም ይቆይ የሚለውን ቃል ከራሷ አፍ መስማት ፈልጌ ነበር።

ውስጡ ያለውን አውቃለሁና። አንድ ቪዲዮ አለ። ቤት ልንሠራበት የገዛነው ባዶ መሬት ላይ ቆሜ፣ "እዚህ ጋ ሳሎን፣ እዚያ ጋ ደረጃ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ለእናትሽ በረንዳ" እያልኩ አየሩን በእጄ ስከፋፍለው እሷ ትቀርጸኛለች። የምታዩት እኔን ነው፤ እሷ አትታይም። ሳቋ ብቻ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ ፎቅ የቀረልን ያ ሳቅ ነው፤ እሱም ከዚህ ማሽን በቀር ሌላ ቦታ የለም።

"ሁሉም ይቆይ አይደል?" አልኩ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳላነሳ።

"ምንም አይቆይ።"

"ፎቶዎች አሉበት እኮ።"

"የእናቴን አውጥቻለሁ። የቀረው ይጥፋ።"

"የመሬቱ ቪዲዮስ?"

የቦርሳዋን ማንገቻ ጣቷ ላይ ጠመጠመች፣ ፈታች።

"እሱም።"

"እንግዲያው እኔ ልውሰደው። ሌላ ፍላሽ አለኝ፤ ዓይንሽን ጨፍነሽ እስክትገልጪ ያልቃል።"

"ምን ያደርግልሃል?"

ሌላ ቀን ቢሆን ለዚህ ጥያቄ የግማሽ ቀን መልስ ነበረኝ። "ስትስቂ መስማት እፈልጋለሁ" ከማለት በቀር የመጣልኝ ነገር የለም።

ረጋ ብላ አየችኝ። ብትቆጣ እችለው ነበር፤ የቁጣዋን መድኃኒት አውቀዋለሁ።

"ያን ቀን የሳቅሁት አምኜህ ነው" አለች። "ያቺን ሴት ለማንም አልሰጣትም። ለአንተም ቢሆን።"

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ።

"ዞር በል እስቲ፣ እኔ እጫነዋለሁ።"

ዞር አልኩላት። ጎንበስ ብላ የመጨረሻውን መረጠች። ማሽኑ "እርግጠኛ ነዎት?" አላት። እሱንም ተጫነች።

ቁጥሩ ወደ ላይ መቁጠር ጀመረ። ለቅሶ ቤት እንኳ አፌን ይዘው የሚያስወጡኝ እኔ፣ ቁጥር ቆጣሪ ሆንኩ። ጎን ለጎን ተቀምጠን ቁጥሩን አየን። ግማሽ ሲደርስ፣

"ምነው ዝም አልክ?" አለች።

"ሲጫን ወሬ ከሰማ ይበላሻል።"

ሳቀች። አጭር፣ በአፍንጫዋ ብቻ የወጣች ሳቅ። ካልኩት አንዲት ቃል አላመነችም።

ሲያልቅ ስክሪኑ ንጹሕ ሆኖ በራ። የትምህርት ቤቱን ፕሮግራም ነካችው፤ ወዲያው ተከፈተላት።

"ፈጠነ እኮ" አለች።

"ፈጥኗል" አልኩ። ቻርጀሩን ጠቅልዬ ቦርሳዋ ውስጥ ከተትኩላትና በሩን ከፍቼ ያዝኩላት።