የአራት ሰዓት በረራ

ፍቅርአዲስ ዱባይ ሰው ቤት ተቀጥራ መሥራት ከጀመረች ሰባት ዓመቷ ነው። እናቷ ወይዘሮ ንግሥቴ መታመማቸውን ስትሰማ ለማክሰኞ ትኬት ቆረጠች። ማክሰኞ ጧት ሻንጣዋን አስረክባ ልትሳፈር ስትል ወንድሟ በላይ ከመካነ ሰላም በኢሞ ደወለ። «ፍቅሬ» ሲል ብቻ እናቷ ማረፋቸው ገባት።

«አትቅበሩብኝ!» አለችው። «በረራው አራት ሰዓት ነው። አራት ሰዓት ብቻ!»

«እንጠብቅሻለን እህቴ።»

አውሮፕላኑ ውስጥ ከፊቷ ያለው ስክሪን የቀረውን መንገድ ይቆጥር ነበር፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ ኪሎ ሜትር፣ ሁለት ሺህ፣ ዘጠኝ መቶ። የቀረበላትን ምግብ ሳትነካ መለሰች። እውነትም በአራት ሰዓት ውስጥ ቦሌ አረፈች። መናኸሪያ ስትደርስ ግን ወደ አገሯ የሚሄደው መኪና ጧት ወጥቷል፤ ሌላ የለም። አልጋ ይዛ፣ አልገባ ያለውን የበላይን ስልክ ስትሞክር አደረች።

ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ሃሩን የሚባል የወግዲ ሰው በሚነዳው ሚኒባስ ተሳፈረች። የጀማን ቆላ ወርደው፣ ዳገቱን ወጥተው ደጎሎ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆነ። ከከተማዋ ወጣ እንዳሉ ገብስ የጫነ አይሱዙ አግድም ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሯል።

ሃሩን ወርዶ አየና ተመለሰ። «እህቴ፣ ጭነቱ ወርዶ፣ መኪናው ተጎትቶ እስኪያልቅ አራት ሰዓት አያንስም። ወላሂ፣ ክንፍ የለኝም እንጂ…»

ይህን ጊዜ ስልኳ ላይ ኢሞ ጮኸ። በላይ ነው፤ ድምፁ ተዘግቷል። «የት ደረስሽ? ሰዉ ከትናንት ጀምሮ ከድንኳኑ አልተነሣም። ቄሶቹም ከዘጠኝ ሰዓት አናሳልፍም እያሉ ነው። ቀርበሽ ከሆነ ለምኜ ለነገ አሳድራለሁ።»

ከበስተጀርባው የአልቃሾች ድምፅ ይሰማል፤ እነሱም ደክሟቸዋል። እናቷ በሕይወት ሳሉ ሰው ደጃቸው ቆሞ እንዲጠብቅ አይወዱም ነበር። ፍቅርአዲስ የመኪኖቹ ጡሩምባ እንዳይሰማ መስኮቱን ዘጋች።

«በላይ፣ በረራው ቀረ። ገና ዱባይ ነኝ፤ መቼ እንደሚነሣም አይታወቅም። እማዬን ቅበሩ።»

«እሺ» አለ በላይ። ሸክም የወረደለት ሰው ድምፅ ነበር። ከሁሉም ያ ድምፅ አንጀቷን በላው።

ሃሩን ሁሉንም ሰምቷል። የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ወረደና ገብስ ከሚያወርዱት ጋር ተቀላቀለ።

እሷ የእናቷ ደጃፍ ስትደርስ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ሻንጣዋን እየጎተተች ስትመጣ በላይ አያትና ደንግጦ ተነሣ።

«ዱባይ ነኝ አላልሽኝም?»

«ደጎሎ ነበርኩ።»

«ብትነግሪኝ እኮ እንጠብቅሽ ነበር!»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው ያልነገርኩህ።»

ሁለት ቀን ሙሉ ሰው ሲያጽናና የዋለው በላይ ያኔ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ጋቢውን አውልቆ አለበሳትና ደግፎ ወደ ድንኳኑ አስገባት። ሴቶቹ እንደ አዲስ ለለቅሶ ተነሡ። እሷ ግን ከጎረቤታቸው ከእንቁ ጎን ቁጭ አለች። ለቅሶው ሳያበቃ በእንቁ ትከሻ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

«ተዉአት» አለች እንቁ፣ ሊቀሰቅሷት የተጠጉትን በእጇ እየመለሰች። «ትተኛ።»