ምስሉ ያልቆመበት እሁድ

ሌሲኤሊ ኔያፉ በምትባል የደሴት ከተማ፣ ወደቡ አጠገብ ብቻዋን የምትኖር የስልሳ አራት ዓመት ሴት ናት። አንድ ልጇ ሞሴሴ ወይን ለመልቀም ለስድስት ወር ብሎ አውስትራሊያ፣ ሚልዱራ ከሄደ አራት ዓመት አለፈው፤ ፈቃዱን እያሳደሰ እዚያው ቀረ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ምሳዋን ትበላና እሱ ትቶላት የሄደው አሮጌ ኮምፒውተር ፊት ትቀመጣለች።

የመደወያው ፕሮግራም እስኪከፈት ድረስ ልብስ አጥቦ ማስጣት ይቻላል። ከተከፈተም በኋላ የልጇ ፊት ሳቁን ሳይጨርስ ደርቆ ይቀራል። ከሁሉ የሚያንገበግባት ግን፣ "መቼ ነው የምትመጣው?" ብላ ስትጠይቀው ነው። "አልተሰማኝም እማዬ፣ ማሽንሽ ቆመ መሰለኝ" ይላታል። ከዚያ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሳምንቱን ሙሉ መልሱን ያጎደለባትን ማሽን ስትረግም ትከርማለች።

አንድ ቅዳሜ ጎረቤቷን ፋታይን ጠራቻት። ፋታይ ስልክ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርታ በጡረታ የወጣች፣ ምላሷ ከመፍቻዋ የሚሾል ሴት ናት።

"ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው ያጠፋሽው?" አለች ፋታይ።

"በየቀኑ አጠፋዋለሁ እንጂ።" ሌሲኤሊ የስክሪኑን ቁልፍ አሳየቻት።

"ይሄማ ዓይኑን ማስጨፈን ነው። አንጎሉ ከፋሲካ ጀምሮ እንቅልፍ አላየም።"

አጥፍታ እንደገና አስነሳችው። ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች ቆጠረች፤ አሥራ አራት ነበሩ። "አንዱን ስትጠሪ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ተከትሎ ይመጣል" አለችና ከሁለቱ በቀር ሁሉም ሳይጠሩ እንዳይነሱ ከለከለቻቸው። ሌሲኤሊ ሰባት ጊዜ ደጋግማ ካስቀመጠችው አንድ የመዝሙር ቪዲዮ ፋታይ ስድስቱን አጠፋች፤ የማይሠራባቸውን ፕሮግራሞች ነቀለች፤ ቆሻሻ መጣያውን አራገፈች። በመጨረሻ ገመዱን ነቅላ ሆዱን ከፈተችው። ማራገቢያው በአቧራና በጉንዳን ሬሳ ታፍኗል። በለስላሳ ብሩሽ ጠረገችውና ከሞተ ኮምፒውተር ያወጣችውን ተጨማሪ ሜሞሪ ሰካችበት።

"አዲስ ግዢ ብለውኝ ነበር" አለች ሌሲኤሊ።

"አንቺንም ስልሳ ስለሞላሽ በአዲስ እንለውጥሽ? በይ አስነሺው።"

ሌሲኤሊ ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ኮምፒውተሩ ተነሳ።

በማግስቱ ልጇን ስታገኘው መጀመሪያ አላወቀችውም። ፊቱ ጠርቶ፣ ዓይኑ ሥር ያለው መስመር ሳይቀር ይታያል። ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። ሞሴሴ በሠላሳ ሦስት ዓመቱ!

"እማዬ፣ ዛሬ ምን ተገኘ? ምስልሽ እንዴት ጠራ!"

"ፋታይ አቧራውን ጠረገችልኝ።" የምትወደውን ፊት በዓይኗ ስትጠግበው ቆየችና ጠየቀችው። "መቼ ነው የምትመጣው?"

ሌሲኤሊ መልሱን ጠበቀች። ምስሉ ግን አልቆመም፤ ልጇ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ይከፍታል፣ ከበስተኋላው መጋረጃው በነፋስ ይወዛወዛል። በዚያን ጊዜ፣ እነዚያን እሁዶች ሁሉ የቆመው ማሽኑ ብቻ እንዳልነበረ ገባት።

"ሰምተኸኛል" አለችው በዝግታ።

"ሰምቻለሁ።" አንገቱን ደፋ። "እንዴት ብዬ እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው። እዚህ ቤት ተከራይቻለሁ። ከአንዲት ሴት ጋር ነው የምኖረው። ሁለት ልጆች አሏት፤ አባባ ነው የሚሉኝ። ጥያቸው እንዴት ልምጣ?"

ሌሲኤሊ አፏን በእጇ ጋረደች። በየገና ዋዜማ የአልጋውን አንሶላ ትቀይርለት እንደነበር ልትነግረው አሰበችና ተወችው።

"እሷስ ማን ትባላለች?"

"ኮሬታ።"

"ምግብ ታበላሃለች?"

"እኔ ነኝ የማበላት" ብሎ ፈገግ አለ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"በል እስቲ ቤታችሁን አሳየኝ።"

ስልኩን ይዞ ተነሳ። ጠባብ ኩሽና፣ በር ላይ የተደረደሩ ትናንሽ ጫማዎች፣ የወይን ተክል የሚታይበት መስኮት አሳያት። የኮሬታ ልጆች ከጓሮ እየሮጡ መጥተው ካሜራው ላይ አፈጠጡባት። ትንሿ የፊት ጥርስ የላትም።

"ይቺ ማናት?" አለች ልጅቷ።

"እናቴ ናት" አላት ሞሴሴ።

ሌሲኤሊ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። የልጇ ትከሻ በእጇ ሊዳሰስ የቀረበ ይመስላል፤ ጣቷን ስትዘረጋ ግን የነካችው ለብ ያለ መስታወት ነው። ሲሰናበታት እሷ አልዘጋችም። እሱም ቶሎ አልዘጋም፤ ሁለቱም እየተያዩ ቆዩ።