በአባቴ ስም የተመዘገበው መስመር

...አስራ አንድ ቀን ዝም ያልኩት ሳያንስ ዛሬም ዝም ብዬ አብሬው መጥቻለሁ፣ ጠበቃ ዘንድ፣ ክንዱን ደግፌ ደረጃውን እያወጣሁት፣ ልክ እንደ ጥሩ ልጅ፣ አባዬ ደግሞ መሀል ደረጃ ላይ ቆም ብሎ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር ይለኛል። ዋጥኩት። አሁን መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠናል፣ አራት የፕላስቲክ ወንበር፣ ብርጭቆ የሌለው የውሃ ማቀዝቀዣ፣ ጸሐፊዋ ቀና ሳትል ትተይባለች፣ አባዬ ደብዳቤውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጣቱን ከመስመር መስመር ያስኬዳል፣ ሠላሳ ዓመት ማተሚያ ቤት እርማት ሲያርም የኖረ ሰው ነው፣ የተሳሳተ ፊደል ከሩቅ ይሸተዋል፣ እዚህ ጋ አንድ ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል ይለኛል፣ ደስ እንዳለው ሰው ነው የሚለው፣ ነጠላ ሰረዝ ነጻ የሚያወጣው ይመስል።

ደብዳቤውን እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። በእርስዎ ስም በተመዘገበው የኢንተርኔት መስመር አማካይነት ከባለመብቶቹ ፈቃድ ውጭ አራት መቶ አሥራ ሁለት የሙዚቃ ሥራዎች መውረዳቸውና ለሌሎች መሠራጨታቸው ተረጋግጧል። በእርስዎ ስም። አባዬ እኮ ኢሜይል እንኳ የለውም፣ መስመሩን ያስገባው ለኛ ብሎ ነው፣ መታወቂያውን ይዞ ሄዶ ተሰልፎ ፈረመ፣ ልጆቼ ከሰው አይነሱ ብሎ።

መሠራጨታቸው። እዚች ቃል ላይ ሁሌ እደናቀፋለሁ፣ እኔ መች አሠራጨሁ፣ እኔ ወሰድኩ እንጂ ለማን ሰጠሁ፣ የማውረጃውን ፕሮግራም የጫነልኝ የኤክስሬይ ባለሙያው ነው፣ ፊዚዮቴራፒ በምሠራበት ሆስፒታል ውስጥ፣ በምሳ ሰዓት፣ አታካብጂ ባክሽ፣ ዓለም በሙሉ በነጻ ያወርዳል፣ አንቺን ማን ያይሻል አለኝ፣ እኔም አላካበድኩም። ስትወስጂ እየሰጠሽም ነው ግን አላለኝም። እኔ ስተኛ፣ እኔ በሽተኛ ሳሸት፣ ላፕቶፔ እቤት ክዳኑ ተከፍቶ ለማላውቃቸው ሰዎች ሲያድል ይውላል፣ አንድ ቦታ ደግሞ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ይመዘግባል፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የዘፈን ስም፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የዘፈን ስም፣ ስድስት ገጽ አባሪ። አንዱን ያወረድኩት በልደቴ ቀን ነው። እሱንም ያውቃሉ።

መጀመሪያ ለበሽተኛ ብዬ ነበር እኮ፣ እውነቴን ነው፣ ስትሮክ የመታው የአውቶቡስ ሹፌር፣ ግራ እግሩ አልታዘዝ ብሎት ስድስት ሳምንት እኔ ጋ የተመላለሰ፣ በወጣትነቱ የሚወደውን ዘፈን ሲነግረኝ አይኑ በራ፣ ሱቅ ለሱቅ ዞሬ አጣሁት፣ በፕሮግራሙ አገኘሁት፣ ከፈትኩለት፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉትን የመራመጃ ብረቶች ይዞ በምቱ ልክ ተራመደ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ አስራ ሁለት እርምጃ፣ ሚስቱ በር ላይ ቆማ አለቀሰች። ይሄን ለዳኛ እነግረዋለሁ። ዳኛው ደግሞ እሺ፣ የቀሩት አራት መቶ አሥራ አንዱስ ይለኛል። የቀሩትማ... የቀሩት ስለሚገኙ ነው። በቃ። እጄ ለመደ። ያልሰማኋቸው አሉ፣ ከግማሽ በላይ።

ሽቦ ነግሮኝ ነበር። ወንድሜ ነው፣ ከቅጥነቱም፣ ሲነካካ ከሚውለው ገመድም የተነሳ ሰፈሩ በሙሉ ሽቦ ነው የሚለው፣ ላፕቶፔን ሊጠግንልኝ ከፍቶ እትዬ፣ ይሄ ነገር ሳታውቂው እየሰጠ ነው፣ ዝጊው፣ በሰው ላይ ጣጣ እንዳታመጪ አለኝ፣ እሺ እዘጋዋለሁ አልኩት፣ አልዘጋሁትም፣ አንድ አልበም ጀምሬ ነበር፣ እሱ ይለቅና ከዚያ አልኩ።

ከዚያ ደብዳቤው መጣ። አባዬ ምግብ ጠረጴዛው ጋ ጠራን፣ እናታችን ካለፈች ወዲህ ሦስታችን ብቻ ነን፣ አነበበልን፣ አንብቦ ሲጨርስ እኔን አላየኝም፣ ጭራሽ ወደኔ አልዞረም፣ አንተ ነህ አለው። አይደለሁም አባዬ። ታዲያ ማን ነው፣ እኔ ነኝ? ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥዶ የሚውለው ማን ነው? አይደለሁም አልኩህ። ስሜን፣ አለ አባዬ፣ ድምፁ ተሰበረ፣ በስንት ጭንቅ ያቆየሁትን ስሜን። ሽቦ ያኔ አየኝ። ለአንድ አፍታ። እንድናገር ጠበቀኝ እኮ። እኔ ደግሞ ሳህኖቹን አነሳሁ፣ ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ከፈትኩ፣ ቧንቧው እየጮኸ የበሩን መዘጋት ሰማሁ። ጓደኛው ጋ ነው አሉ። ስደውል አያነሳም፣ ስጽፍ ያነባል፣ አይመልስም። እሷ ናት ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ያልቅ ነበር። አልተናገረም።

በማግስቱ ላፕቶፔን ሥራ ይዤ ሄጄ በምሳ ሰዓት የማሳጅ ክፍሉን ቆልፌ ሁሉንም ሰረዝኩት። ዘፈኖቹን፣ ፕሮግራሙን። ቀለል አለኝ፣ ሞኝ፣ ቀለል አለኝ እኮ።

ግቡ ተባልን።

ጠበቃዋ ወጣት ናት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ወንበር ታቀርብለታለች፣ አባት፣ ይቀመጡ፣ አይደንግጡ፣ አንድ በአንድ እንሄዳለን፣ አባዬ ነጠላ ሰረዟን ያሳያታል፣ ፈገግ ትልና ይሄ አይረዳንም ትለዋለች በቀስታ፣ ከዚያ ፈገግታዋ ይጠፋል። መስመሩ በስምዎ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት፣ ማውረድ ብቻ ቢሆን አንድ ነገር ነው፣ እዚህ ግን ማሠራጨትም ተጨምሯል፣ ካሳው ይከብዳል፣ ወደ ወንጀልም ሊገፉት ይችላሉ። ወንጀል፣ ይላል አባዬ፣ ቃሉን እንደ ባዕድ ፊደል እያየው። ያደረገው ሌላ ሰው ከሆነ ማን እንደሆነ ማወቅ አለብኝ፣ ትላለች፣ ደግሞም እቤት ካለው ኮምፒውተር ምንም ነገር እንዳይነካ፣ አደራ፣ ማስረጃ ማጥፋት ከዘፈኑ የባሰ ጣጣ ነው።

ሁሉንም ሰርዤዋለሁ እኮ። ጉልበቴን በሁለት እጄ ያዝኩ፣ በሽተኞቼን እንደምይዛቸው፣ ጠበቅ አድርጌ፣ ተንፍሽ፣ አሁን ተንፍሽ።

ልጄ ነው፣ ይላል አባዬ።

እርግጠኛ ነዎት?

ሌላ ማን አለ? እሷ እንደሆነች ከስራ ቤቷ፣ ከቤቷ ስራዋ ነች።

እንግዲያው ሙሉ ስሙን እዚህ ላይ ይጻፉልኝ፣ ከስር ይፈርማሉ፣ ወረቀቱን ትገፋለታለች። አባዬ ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ ያወጣል፣ ክዳኑን ይነቅላል፣ የሽቦን ስም፣ ራሱ ያወጣለትን ስም፣ የመጀመሪያውን ፊደል ይጽፋል፣ እጁ ይቆማል፣ እባክህ ቁም፣ እዚያው ቁም፣ ሁለተኛውን ይጀምራል፣ አሁን ብናገር የሙያ ፈቃዴ፣ አለቃዬ፣ የኤክስሬይ ባለሙያው ፊቱን ሲያዞርብኝ፣ ባልናገር ደግሞ ሽቦ ፖሊስ ፊት ቆሞ እንደዚያ ቀን ዝም ሲል፣ ይላል እኮ፣ ዝም ይላል፣ እስከመጨረሻው ዝም ይላል፣

አባዬ ተው።

ምን?

አትጻፈው። እኔ ነኝ።

ቀና አይልም። እስክሪብቶው ፊደሉ ላይ እንደተተከለ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ይሰፋል። አንቺ ምን፣ ይላል። እኔ ነኝ አባዬ፣ ሽቦ አይደለም፣ ዝጊው ብሎኝ ነበር፣ እኔ ነኝ፣ ሰርዤዋለሁም...

ቆይ! ጠበቃዋ እጇን ዘርግታለች፣ ዘግይታለች። መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ታደርገዋለች፣ አሁን ሌላ ሰው ሆነች። ከዚህ በኋላ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ፣ እኔ የአባትሽ ጠበቃ ነኝ፣ ያንቺ አይደለሁም፣ ለራስሽ ሌላ ሰው ፈልጊ፣ ዛሬውኑ።

የሷ አይደለሁም ማለት ምን ማለት ነው? ይላል አባዬ። ልጄ እኮ ናት።

ለዚህ እኮ ነው፣ አባት፣ እርስዎን ለማዳን እሷን መጠቆም ሊኖርብኝ ነው።

አባዬ ሁለት ፊደል የጻፈበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ይከተዋል፣ ይነሳል፣ ልደግፈው እጄን ስዘረጋ ክንዱን ቀስ አድርጎ ያሸሻል፣ አልተቆጣም፣ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ብቻውን ወደ ኮሪደሩ ይወጣል። በሩ መስተዋት ስለሆነ አየዋለሁ። ስልኩን ከአይኑ አርቆ የሽቦን ስም ይፈልጋል፣ ይደውላል፣ ይጠብቃል። አያነሳም። እንደገና ይደውላል። አያነሳም፣ ለምን ብሎ ያንሳ። ሦስተኛውን ሲደውል ጀርባውን ሰጠኝ፣ ትከሻው መቼ ነው እንዲህ የጠበበው፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ይላል፣ አነሳለት፣ አነሳለት መሰለኝ፣ በሌላው እጁ ግድግዳውን ይዟል፣ ተናገር አባዬ፣ አንተ እንኳ ተናገር፣ ስልኩ ጆሮው ላይ ነው፣ ገና ምንም አላለም...